«ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚለው ጄሪካን

ደሴም ሆነ ወልድያ ሱቅ ገብተው የዘይት ጄሪካን ቢያገላብጡ «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚል ጽሑፍ አያጡም። ውሸት የለበትም። ኑጉም፣ ሱፉም፣ ሰሊጡም፣ ፓልሙም ነጻ ናቸው፤ ኮሌስትሮል የሚመጣው ከእንስሳት ምግብ ነው። «ስለዚህ ለልብ ደግ ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን ስንት ጊዜ ቢታረም ተመልሶ ይመጣል።

የደም ኮሌስትሮልን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ስብ ነው። ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት፤ ይህ ስብ ሲበዛ ተቀባዮቹ ይቀንሱና ኮሌስትሮሉ ደም ውስጥ ይከማቻል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ስብ ነው። ካላመኑ በደሴ ብርድ ጠዋት የሚረጋውን ዘይት ይዩት፤ ነጭ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ኮምቦልቻ ቢወርድ ይሟሟል፤ ስቡ ግን ያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋው ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ወደ 7 ግራም፣ ንጥር ቅቤ ወደ 8 ግራም፣ የኑግ ዘይት ግን 2 ግራም ከምናምን አለው። እንግዲህ ወጥ ሲሠሩ ከጄሪካኑ በቀጥታ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ይለኩና ለበላተኛው ቁጥር ያካፍሉት። የጾምም ሆነ የረመዳን ሳምቡሳ በፓልም ከተጠበሰ ሥጋ አለመኖሩ ብቻውን አያድነውም።

«አሜሪካኖች የምግብ ኮሌስትሮልን ገደብ አነሱት፣ እንግዲህ እንደ ልብ!» ይህ ደግሞ በግማሽ የተሰማ ወሬ ነው። በቀን ከ300 ሚሊግራም አይለፍ የሚለውን ምክር የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሰጠው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ቁጥሩ የነበረበት የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ በየ5 ዓመቱ ይከለሳል፤ መጀመሪያ የባለሙያዎች ኮሚቴ ጥናቶቹን መርምሮ ሪፖርት ያቀርባል፣ ከዚያ የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶቹ መመሪያውን ይጽፋሉ። የ2015 እ.ኤ.አ. ኮሚቴ ኮሌስትሮል ከልክ በላይ ይበላል ተብሎ የሚያሰጋ አይደለም አለ፤ ብዙ ሰው ላይ ከምግብ ሲገባ ጉበት የራሱን ምርት ስለሚቀንስ ደም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። 300 የሚለው ቁጥር ከመመሪያው ተሰረዘ። መመሪያው ግን «በተቻለ መጠን ጥቂት ብሉ» ብሎ ጻፈ፣ የሚረጋው ስብ ላይ ያለውን 10 በመቶም አልነካውም። ጃፓንም በዚያው ዓመት የኮሌስትሮል ጣሪያዋን አንስታለች። ይህን ይዞ ጮማ የሚያስቆርጥ ሰው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አላነበበም።

«አስኳሉን ጣሉት» የሚሉም አሉ። የአንድ ትልቅ እንቁላል አስኳል 186 ሚሊግራም ያህል አለው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ስለሚያንስ ከዚያ ይቀንሳል። ለጤነኛ ሰው በቀን አንድ ችግር የለውም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። እንቁላሉ የሚጠበስበትን ቅቤ ግን ማንም አይቆጥርም።

«ከሲታ ሰው ኮሌስትሮል የለበትም።» ሊኖርበት ይችላል፤ በዘር የሚወረስ አለ፣ የሚታወቀውም በደም ምርመራ ብቻ ነው።