«ቤቴ ውሰዱኝ»፦ የምሽት መረበሽ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ አስራ አንድ ሰዓት ሲል ብርዱ ይመጣል። የአያቴም ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ፣ አላፊ አግዳሚውን ሲመርቁ የዋሉ ሰው ድንገት ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ሁለት ልብስ በጨርቅ ይቋጥራሉ። «በሉ ልሂድ፣ መሸብኝ። ቤቴ ውሰዱኝ።» እናቴ «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው» ትላለች። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ እንዲህ ነበርን።

ይሄ ነገር ስም አለው። ሐኪሞች ሰንዳውኒንግ ይሉታል፤ እኔ የምሽት መረበሽ እለዋለሁ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራ መጋባቱ፣ ፍርሃቱና ቁጣው ሲብስ ማለት ነው። አንዳንዱ እስከ ሌሊት ይቀጥላል። ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፣ የመርሳት በሽታ አንዱ ጠባይ ነው። የመርሳት በሽታ ደግሞ እኛ «ጃጅተዋል» ብለን እንደምናልፈው እርጅና ብቻ አይደለም። የአንጎል ሕመም ነው። ከመቶው ታማሚ ከ60 እስከ 70 በሚሆነው ላይ መነሻው አልዛይመር ነው።

ለምን ማታ? አንጎል ቀንና ሌሊትን የሚለይበት የራሱ ሰዓት አለው፤ በሽታው እሱንም ያዛባዋል። ድካምም አለ። ቀኑን ሙሉ «ይሄ ማነው? የት ነው ያለሁት?» ሲል የዋለ ጭንቅላት ማታ አቅም ያጣል። ብርሃኑ ሲቀንስ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካፖርት ሰው ይመስላል። ርሃብ፣ ሕመም፣ ሽንት የወጠረው ፊኛም አለ፤ በሽተኛው በቃል ሊነግረን ስለማይችል በቁጣ ይነግረናል።

እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ይሄ ሰዓት ለእሳቸው ከብት መግቢያ ነው። ጥጃ የሚታሰርበት፣ ላም የሚታለብበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ልጅ የሚሰበሰብበት። በዚህ በሽታ የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይሄዳል፣ የጥንቱ ይቆያል። ስለዚህ «ቤቴ» የሚሉት የዛሬ ሃምሳ ዓመቱን ቤት ነው። «ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው» ሲሉ የምራቸውን ነው። በዚህ ላይ «ቤትሽ ይሄ ነው» ማለት ልጆችሽን ተያቸው እንደማለት ነው።

ስለዚህ ክርክሩን ተውነው። አሁን እናቴ «እውነትሽን ነው፣ መሽቷል፤ በዚህ ሰዓት መኪናም የለም። ላሟን ማን ነበር የሚያልባት?» ትላለች። ወሬው ይጀመራል። (ነገ እወስድሻለሁ ማለቱን አልወደድኩትም። የመኪናው ነገር ግን እውነት ነው።) ከዚያ እጃቸው ሥራ ያገኛል። ምስር ይለቅማሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ። ምስሩ የተለቀመ ቢሆንም ግድ የለም።

የቀረው ዝግጅት ነው። መብራት ሳይጨልም ይበራ፤ መብራት ቢጠፋ በቻርጅ የሚሠራ ፋኖስ በእጅ ይኑር። ጠዋት ፀሐይ ላይ መቀመጥና ትንሽ መራመድ ሌሊት እንቅልፍ እንዲመጣ ያግዛል። ቡና ጠዋት ይጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ በረካው ይቅርባቸው። ጠላና አረቄም ይቅርባቸው። ራት ቀደም ይበል። በጾም ወቅት የንስሐ አባታቸውን ማማከር ነው፤ የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ ጹም አይባልም።

ብርዱ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ሌሊት በር ከፍቶ የወጣ አዛውንት ጅብ ሳይደርስበት ብርዱ ሊገድለው ይችላል። የበሩን መቀርቀሪያ ከዓይናቸው ራቅ አድርጉት፣ ግን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቆልፋችሁ አትሂዱ። ስልክ ቁጥር ጋቢያቸው ጥለት ላይ ስፉበት። ለጎረቤትም ንገሩ። እኛ አፍረን ስድስት ወር ደብቀናል፣ ትልቅ ስህተት ነበር። ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛትም ክልክል ነው። የማይታየው ጋዙ ጤነኛውንም ያደናግራል፣ ይገድላል።

ፀበልስ? ፃድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም እኛው ዘንድ ናቸውና ቤተሰብ መውሰዱ አይቀርም። ውሰዱ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። አዲስ ቦታና ግርግር ምሽቱን ያብሰዋልና አንድ ሰው ሌሊትም አጠገባቸው ይደር።

አንድ ነገር ለዩ። መረበሹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ወይም ትናንት የሚያወሩ ሰው ዛሬ ፈዘው ከዋሉ፣ ይሄ የምሽት መረበሽ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሆድ ድርቀት፣ የውሃ እጥረት፣ መውደቅ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በብርድ አገር አዛውንት ውሃ አይጠጡም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው። ከፋርማሲ «እንቅልፍ ያመጣል» ተብሎ የሚገዛ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራ መጋባቱን ያባብሳል። እኛ አንዴ ሞክረነው ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲዳስሱ አደሩ።

አስታማሚውም ማታ ይደክመዋል። እናቴ ሐሙስና ቅዳሜ ምሽት ከቤት ትወጣለች፤ ተራው የእኔ ነው።

አንዳንድ ቀን ምስሩም ፍትሉም አይሠራም። ቋጠሯቸውን ይይዛሉ። ያኔ ጋቢ ደርበንላቸው፣ ክንዳቸውን ይዤ ግቢውን ሁለቴ እንዞራለን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም ብለው «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ። እናቴ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» ትላለች። ይገባሉ።