አእምሮንና አካልን ያጣመረ የሕመም ሕክምና ምንድን ነው?

«ኤምአርአይህ ንጹሕ ነው፤ እንግዲያውስ ሕመምህ ከአእምሮ ነው» የሚለው አነጋገር በባሕር ዳር የክሊኒክ ኮሪደሮች ብቻ ሳይሆን በባጃጅ ወረፋና በለቅሶ ድንኳን ሥርም የተለመደ ሆኗል። ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሄደ። አንድ ተናጋሪ በቪዲዮ ቀርቦ፣ የወገብ ሕመም ማለት የታመቀ ቁጣ እንደሆነ፣ ቁጣውን አውጥቶ የተናገረ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ እንደሚነሣ፣ ይህም አእምሮንና አካልን ያጣመረ ሕክምና ተብሎ በዓለም የታወቀ ጥበብ እንደሆነ ሲያስረዳ ሰማሁት። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከወገብ፣ ከአንገትና ከትከሻ ሕመምተኞች ጋር የምውል ሰው ነኝና የዚህ ንግግር ዳፋ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ነው። ሕመምተኛው ወይ «እብድ አደረጋችሁኝ» ብሎ ተቀይሞ ይመጣል፣ ወይ መድኃኒቱን አቋርጦና እንቅስቃሴውን ትቶ ቁጣውን ሲፈልግ ከርሞ ይመጣል።

የውስጥ አካልን በሚያሳየው የኤምአርአይ ምስል ላይ ያልታየ ሕመም የለም የሚለው ሰውና በሐሳብ የመጣ ሕመም በሐሳብ ይሄዳል የሚለው ሰው የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ነርቭን፣ ኅብለ ሰረሰርንና አንጎልን ከአካል ቆጠራ አውጥተዋቸዋል። አንጎል ግን ሥጋ ነው። ደም ይደርሰዋል፣ ይደክማል፣ ይለማመዳል፣ የለመደውንም ቶሎ አይለቅም። አእምሮንና አካልን ያጣመረ የሕመም ሕክምና የሚባለው ሕመምን የሚያመነጨውን ይህን የሰውነት ክፍል፣ በእንቅስቃሴ፣ በማብራሪያ፣ በትኩረት ልምምድ (ሐሳብን በትንፋሽና አሁን በሚሰማ የአካል ስሜት ላይ በማሳረፍ) እና በንግግር ሕክምና አማካይነት፣ የለመደውን እንዲተው ማሠልጠን ነው። ሕመሙ እውነተኛ እንደሆነ አምኖ ይነሣል እንጂ በመካድ አይጀምርም።

የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 አውጥቶት በ2020 ባሻሻለው ብያኔ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕመም በአካል ላይ ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከሚችል ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ያንን የሚመስል፣ ደስ የማይል የስሜት ሕዋሳትና የውስጥ ስሜት ገጠመኝ ነው። «ወይም ያንን የሚመስል» የምትለዋ ሐረግ በ2020 የገባችው በዋዛ አይደለም፤ ጉዳቱ ሳይገኝ ሕመሙ ሊኖር እንደሚችል ሙያው በይፋ የመሰከረባት ናት። ከብያኔው ጋር የተያያዘው ማብራሪያም አመመኝ የሚል ሰው ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ ይናገራል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ደግሞ ሥር የሰደደ ይባላል።

ስለ ምስሉ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሁሉ የኤምአርአይ ወረቀቱን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አጣጥፎ ይዞ ይመጣልና። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን የ3,110 ሰዎች ምስል አጠቃሎ ሲመረምር፣ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) እርጅና ምልክት በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት በ37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት በ96 በመቶው ላይ ታይቷል። የዲስክ ወደ ውጭ ማበጥም እንዲሁ ከ30 በመቶ ተነሥቶ 84 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ «ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ሁሉ ያመመው በዚያ ዲስክ ነው ማለት አይቻልም፤ «ዲስክህ ደህና ነው» የተባለም ሁሉ አላመመውም ማለት አይቻልም። (ይህን ስል ምስል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚነዝር፣ እግሩም የሚዝል ከሆነና ምልክቱ ከምስሉ ጋር ከተገጣጠመ ነገሩ ሌላ ነው።)

የኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የጣና ውኃ ወደ ዓባይ የሚወጣው በጨረጨራ በኩል ነው። እዚያ በ1996 ባለ ሁለት በር ግድብ ተሠራ፤ ኋላም አምስት በሮች ተጨመሩበት። ጭስ ዓባይ ላይ ምን ያህል ውኃ እንደሚወርድ ለማወቅ የሐይቁን ከፍታ ብቻ መለካት አይበቃም፤ በሮቹ ምን ያህል እንደተከፈቱና ለኃይል ማመንጫው ምን ያህል እንደተጠለፈ መጠየቅ ግድ ይላል። ሐይቁን ጡንቻ፣ መገጣጠሚያና ዲስክ እንበለው፤ በሮቹን ኅብለ ሰረሰር፣ ፏፏቴውን ደግሞ የሚሰማን ሕመም። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ላይ «በር» የሚለውን ስም ራሳቸው ነው የተጠቀሙት፦ ከአካል የሚነሣው መልእክት ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ ይጠብባል ወይም ይሰፋል፣ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም በሩን ይገፋዋል። ስለዚህ ሐይቁ ሞልቶ ፏፏቴው ሊቀጥን ይችላል፤ ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዞ ጨዋታውን የሚጨርስ ኳስ ተጫዋች እንዲህ ነው። ሐይቁ ጎድሎም በሮቹ ወለል ብለው ከተከፈቱ ፏፏቴው ይጮኻል። የነርቭ ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 ያሳየው ይህን ሁለተኛውን ነው፦ ጉዳት ሲደርስ የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ራሳቸው ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ፣ ያን ጊዜም የልብስ መነካካት እንኳ ሊያም ይችላል። የበሩ ማንሻ በተከፈተበት ዛገ እንደማለት ነው። የሐይቁን መለኪያ ዐይቶ «ውኃ የለም» የሚለው ባለሙያና ፏፏቴው ሥር ቆሞ የበሰበሰውን ሰው «እርጥበቱ የሐሳብህ ነው» የሚለው ተናጋሪ፣ ሁለቱም ጨረጨራን ዘለውት ሄደዋል።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይወስደንም፤ የማይወስደንም ተናጋሪው በተሳሳተበት ቦታ ላይ ነው። በጨረጨራ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ አለ፤ በኅብለ ሰረሰር የለም። ሕመምተኛው ቁልፉን በኪሱ ይዞ አልዘጋም ያለ ሰው አይደለም። «ቁጣህን ልቀቅ፣ በሩ ይዘጋል» የሚለው ምክር ሳይዳን የቀረውን ሰው በሕመሙ ላይ ጥፋተኛ ያደርገዋል። ከዚህም ሌላ ሐይቅ ሳይኖር ፏፏቴ አይኖርም፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው ግን የሌለ ጣቱን ያመዋል። ለዚህ ከውኃ የሚወሰድ አምሳያ የለም።

ቁጣና ኀዘን ሕመምን አያብሱም ወይ ለሚለኝ፣ በእርግጥ ያብሳሉ። እንቅልፍ ማጣትም፣ ሥራ ማጣትም፣ ነገ ምን እሆናለሁ የሚል ፍርሃትም ያብሳሉ። ነገር ግን ማባባስ ሌላ፣ ብቸኛ ምንጭ መሆን ሌላ ነው። ተናጋሪው የያዘው አንዱን ሰበዝ ነው፤ ሰበዙን ይዞ ሰፌዱን ሠራሁት ብሏል።

ሕክምናው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፣ በእኛ ከተማ ከሚበዙት ሕመምተኞች አንዷን፣ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ እናትን እናስብ። ወገባቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል። ምርመራቸው ተጠናቆ አሳሳቢ ነገር አልተገኘም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ፊታቸው ይቀመጣል። ገና ሲያዩት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ትከሻቸው ይነሣል፣ አንድ እጃቸው ወገባቸውን ይደግፋል። «እናቴ፣ አሁን ምን ተሰማዎት?» ሲባሉ «ሳላነሣው ወጋኝ እኮ ልጄ» ይላሉ። በዚህች ቅጽበት ወገባቸው ምንም አልተሸከመም፤ ሕመሙ ግን መጥቷል፣ እውነተኛም ነው። አንጎላቸው ጀሪካኑን ከአደጋ ጋር አያይዞ ተምሯልና ከጉዳቱ ቀድሞ ማስጠንቀቂያውን ይደውላል። ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ይህ የሆነበት ምክንያት በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸዋል። ከዚያ ጀሪካኑ ባዶውን፣ ከዚያ በ3 ሊትር፣ ከዚያ በ5 ሊትር ይነሣል፤ ትንፋሽ ሳይያዝ፣ ሳይቸኮልም። ሲወጋቸው ይቆማሉ እንጂ አይሸሹም፤ ውጋቱ አደጋ እንዳልሆነ እየተገነዘቡ እንደገና ይሞክሩታል። ማታ የእንቅልፋቸው ነገር ይጠየቃል፤ ምጣዱ ከፍ ቢልላቸው የሚለውም ይታያል፣ ምክንያቱም አንጎል ሲሠለጥን ጎንበስ ብሎ መዋል ጤና ይሆናል ያለ የለም።

የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ውጤት ተለክቷል። በአሜሪካ ኮሎራዶ የተደረገና በ2022 የታተመ አንድ ሙከራ 151 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈላቸው። በ4 ሳምንት ውስጥ 8 ጊዜ ሥልጠናውን ካገኙት 66 በመቶው ሕመማቸው ጠፋ ወይም ለመጥፋት ተቃረበ፤ የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት 20 በመቶው፣ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ። ተናጋሪው 66ቱን ሰምቷል፤ የቀረውን አልሰማም። ተሳታፊዎቹ ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነ ሰዎች ነበሩ፤ የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኙም ያውቁ ነበር፣ ይህም ተስፋን ከሕክምና ለመለየት ያስቸግራል። በ2016 የታተመውና 342 ሰዎችን የያዘው ሌላ ሙከራ የበለጠ ልከኛ ነው። በውስጡ ጆን ካባት-ዚን በ1979 የጀመረው የትኩረት ልምምድ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲወዳደር፣ ከ26 ሳምንት በኋላ የዕለት ተግባራቸው በሚታይ መጠን የተሻሻለላቸው ሰዎች 61 በመቶ ለ44 በመቶ ሆኑ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም፣ ከልምምዱ በኋላ ያልተሻላቸውም ብዙ ናቸው።

አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው ነገር አለኝ። በአገራችን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ አለ። ሌሊት የሚብስና ዕረፍት የማይሰጥ የጀርባ ሕመም፣ ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ በአከርካሪው ላይ እየወጣ የሚሄድ ጉብታ ያለበት ሰው ትንፋሽ ሊለማመድ አይገባውም፤ ሊመረመር ይገባዋል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የዘገየ ግን እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው የማይለቅ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከያዘው ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም ይታሰብ። በመቀመጫና በጭን መካከል የደነዘዘ፣ ሽንቱ እንቢ ያለ ወይም ያመለጠ፣ እግሩ በድንገት የዛለ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸትም የለበትም። አእምሮንና አካልን ያጣመረ ሕክምና ተራው የሚደርሰው እነዚህ ከተመረመሩና ከተገለሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳያነሣ ስለ ሕክምናው የሚያወራ ሰው ሙያውን አያውቀውም ብል አላጋነንሁም።

የሥነ ልቦና ቁስል ጉዳይ ከዚህ የሚለይበትም የሚገናኝበትም አለ። ግጭትን፣ መፈናቀልን፣ ድብደባን ያለፈ ሰው ሰውነቱ በተጠንቀቅ ይኖራል፤ ድምፅ ያስበረግገዋል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ አንገቱና መንጋጋው ሳይታወቀው ተጨምድዶ ይውላል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ሥር የሰደደ ሕመም በብዛት መታየቱ አያስገርምም፤ በክልላችን ባለፉት ዓመታት ከሆነው አንጻር ደግሞ ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ለዚህም መድኃኒቱ አንድ ነው ይላል፦ «ዘርግፈው፣ ይቀልሃል»። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ቁስል የሚመክረው፣ በሠለጠነ ባለሙያ ተራ በተራ የሚሰጥ፣ ቁስሉ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን ወይም በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዝ ሕክምናን ነው። አደጋው በደረሰ ሰሞን ሰውን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያየውን ሁሉ እንዲዘረግፍ ማድረግን ግን አይመክርም። ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤት ሰውየው ራሱ ሲፈልግ ቢያዳምጡት መልካም ነው፤ ፈልፍሎ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉዳት የሌለው የሚመስለው የትንፋሽ ልምምድም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ እንዲያዳምጥ የታዘዘ የሥነ ልቦና ቁስለኛ ያ ቀን ተመልሶ ሊመጣበት፣ ልቡ ሊመታና ቁና ቁና ሊተነፍስ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑን ገልጦ፣ በሩን በሚያይበት በኩል ተቀምጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይጀምራል፤ ካልተመቸውም በመራመድ ይተካለታል። ልምምዱ እንዲያ ሲያስጨንቀው ጽና ብሎ ማስቀጠል ሕክምና አይደለም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ዳይክሎፌናክን ለወራት በራሱ ፈቃድ የሚውጥ ሰው ጨጓራውንና ኩላሊቱን እየጎዳ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይንገር። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ግን ቪዲዮ ዐይቶ በአንድ ቀን አያቁም፤ ሰውነት ስለሚለምደው ላብ፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል፣ ያንንም ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል። መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚተወው፤ የጀሪካኑ ልምምድም በዚያው ጊዜ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።