ሲጂናት ምንድን ነው? የቤት ሰርቨራችሁ ከውጭ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዌብ ሰርቨር ጫናችሁ እንበል። በቤታችሁ ዋይፋይ ሲሞከር ይከፈታል። ራውተሩ ላይም ፖርት 80ን እና 443ን (የድረ ገጽ ጥያቄ የሚገባባቸውን በሮች) ወደ ላፕቶፑ አዙራችኋል። ከውጭ ግን ወይ ፍንክች! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሴቲንግ ሲነካካ ያድራል። የሚያሳዝነው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የለም።

ሲጂናት (CGNAT) የኢንተርኔት አቅራቢው አንድን የአይፒ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያጋራበት አሠራር ነው። ያመጣው እጥረት ነው። አይፒቪ4 የሚባለው የቆየው የአድራሻ ሥርዓት ያለው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ማዕከላዊው ክምችት በ2011 እ.ኤ.አ. ተሟጧል።

ከቤታችሁ ጥያቄ ሲወጣ የአቅራቢው ማሽን ማን እንደላከው ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣም ለላኪው ያደርሳል። ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ግን መዝገቡ ላይ የለም። የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ እዚያው ይጣላል። እናንተ የከፈታችሁት ፖርት ጋ አይደርስም። የሚቀያየር አይፒን ከአንድ ስም ጋር የሚያገናኘው ዳይናሚክ ዲኤንኤስም እዚህ ላይ አያድንም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ራውተራችሁ ውስጥ ግቡና የዋን (WAN፣ ማለትም በውጭ በኩል ያለውን) አድራሻውን እዩ። ከዚያ አይፒያችሁን ከሚያሳይ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ ሲጂናት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የተመደበ ነው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ አቅራቢው ፖርቶቹን ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ፖርት፣ ለምሳሌ 8443ን ሞክሩ።

መውጫው ግንኙነቱን ከውስጥ ማስጀመር ነው። የራሱ አይፒ ያለው ትንሽ ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ የሚከራይ ሰርቨር) ተከራዩ፤ ላፕቶፑ የተመሰጠረ መስመር በሚከፍተው ዋየርጋርድ በተባለ ፕሮግራም ወደዚያ ይደውል። ጎብኚው ቪፒኤሱ ጋ ይመጣል፣ ቪፒኤሱ በተከፈተው መስመር ወደ ቤት ያሳልፈዋል። ላፕቶፑ ላይ፣ መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው ምልክት የሚያስልከውን ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚባል ሴቲንግ 25 ሰከንድ ማድረግ አትርሱ። ያለዚያ መስመሩ ዝም ሲል አቅራቢው ከመዝገቡ ይሰርዘዋል፤ ሰርቨሩም ድንገት ይጠፋል።

ክላውድፍሌር ተነል የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎትም ይሠራል፣ ለመጀመርም ይቀላል። ግን የድረ ገጹ ትራፊክ እነሱ ጋ ምስጠራው ተፈትቶ ስለሚያልፍ፣ እኔ በበኩሌ የራስን ቪፒኤስ እመርጣለሁ። አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት አይፒቪ6 ካላችሁ ሲጂናት አይመለከታችሁም፤ ሆኖም አይፒቪ4 ብቻ ያለው ጎብኚ አያገኛችሁም።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ። በቤት መስመር ሰርቨር ማስኬድን የሚከለክሉ አቅራቢዎች አሉ። በተጨማሪ ክፍያ ቋሚ አይፒ የሚሰጡም አሉና አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።