‹አንሄድም፣ አንገዛም›፦ በደቡብ ኮሪያ የጃፓን ዕቃ ላይ የተመታው የ2019 አድማ

(ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

በጁላይ 2019 ደቡብ ኮሪያውያን የጃፓን ዕቃ አንገዛም ብለው ተነሡ። መነሻው የቆየ ቁስል ነው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 በቅኝ ግዛት ይዛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ኮሪያውያን በጃፓን ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች በግዳጅ ሠርተዋል። በኦክቶበር 2018 የደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒፖን ስቲል የተባለው የጃፓን ብረት አምራች ኩባንያ በግዳጅ ላሠራቸው ሰዎች ካሳ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ቶኪዮ በበኩሏ ጉዳዩ ሁለቱ አገሮች በ1965 በተፈራረሙት ስምምነት አልቋል ባይ ናት።

ከወራት በኋላ ጃፓን ለኮሪያ የኮምፒውተር ቺፕና የስክሪን ፋብሪካዎች የግድ የሚያስፈልጉ ሦስት ኬሚካሎች ላይ የኤክስፖርት ቁጥጥር አጠበቀች። የጸጥታ ጉዳይ ነው አለች። ኮሪያውያን ግን በቀል ነው አሉ። ንዴቱም ገነፈለ።

የሰፈር ሱቆች የጃፓን ቢራና ሲጋራ ከመደርደሪያ አውርደው ‹አንሸጥም› የሚል ወረቀት ለጠፉ። የጃፓኑን ዕቃ ስም ስትፈልግ በምትኩ የምትገዛውን የሚጠቁም ድረ ገጽ ተከፈተ። ዩኒክሎ የተባለው የጃፓን ልብስ ሻጭ እናት ኩባንያ ኃላፊ አድማው ብዙ አይቆይም ሲሉ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ፤ ኩባንያው ይቅርታ ቢጠይቅም ነገሩ አልበረደም። ቢራው ላይ የደረሰው በተለይ የሚገርም ነው። የጃፓኑ ቢራ አሳሂ በኮሪያ ከውጭ ከሚገቡት ቢራዎች አንደኛ ነበር። በኦክቶበር 2019 የጃፓን የቢራ ኤክስፖርት ወደ ኮሪያ ዜሮ ገባ። ወደ ጃፓን የሚጓዘው ኮሪያዊም በ2018 ከነበረበት 7.5 ሚሊዮን ገደማ በ2019 ወደ 5.6 ሚሊዮን ወረደ።

ከሁሉ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። በኦገስት 2019 የሴኡል ጁንግ ክፍለ ከተማ አስተዳደር ፀረ ጃፓን ባነሮችን መንገድ ላይ ሰቀለ። የተቃወሙት ራሳቸው ኮሪያውያን ናቸው። አድማው የሕዝብ ነው፣ መንግሥት እጁን አያስገባ፤ የጃፓን ቱሪስትም ምን አጠፋ አሉ። ባነሮቹ በዚያው ቀን ወረዱ። ተቆጥቶም እንዲህ ልብ የሚል ሕዝብ ብዙ አይገኝም።

ዱላው ግን ያልበደለውንም መታ። ከኮሪያዋ የወደብ ከተማ ከቡሳን በጀልባ የሚደረስባት የጃፓኗ ትሱሺማ ደሴት እንግዳዋ አብዛኛው ኮሪያዊ ስለነበር፣ ትናንሽ ማረፊያዎቿና ሱቆቿ ጭር አሉ። በኮሪያም የጉዞ ወኪሎችና ርካሽ አየር መንገዶች ገበያቸው ቀዘቀዘ።

በ2023 ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ፤ ጃፓንም የኬሚካሎቹን ቁጥጥር አነሣች። የአሳሂ ቢራ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። በ2024 ደግሞ 8.8 ሚሊዮን ገደማ ኮሪያውያን ጃፓንን ጎበኙ። የግዳጅ ሠራተኞቹን ካሳ በተመለከተ የኮሪያ መንግሥት ያመጣው መላ፣ በጃፓን ኩባንያዎች ፈንታ አንድ የኮሪያ ፋውንዴሽን ይክፈል የሚል ነበር። በሕይወት ካሉት አረጋውያን ተበዳዮች አንዳንዶቹ የበደለን ይክፈለን ብለው ገንዘቡን አንቀበልም አሉ።