የዝሆን ግልገሎችን የሚቀጥፈው ሄርፒስ

ሄርፒስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ነው። አልማዝ ባለጭራም የዚሁ ቤተሰብ ሥራ ነው። ዝሆኖችም የራሳቸው ሄርፒስ አላቸው። ባለሙያዎች በምህጻረ ቃል ኢኢኤችቪ ይሉታል፤ ሲተነተን የዝሆን ኢንዶቴሊዮትሮፒክ (የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንን የሚያጠቃ) ሄርፒስ ቫይረስ ማለት ነው።  በብዛት የሚገድለው ከ1 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ያሉ የእስያ ዝሆኖችን ነው።

ቫይረሱ የተለየው በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ እንስሳት ኩማሪ የተባለች የ16 ወር ግልገል እ.ኤ.አ. በ1995 ከሞተች በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ጣት የተቀሰረው በአፍሪካ ዝሆን ላይ ነበር። ሁለቱ ዝርያዎች አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ ቫይረሱ ከአፍሪካው ወደ እስያው ተሻገረ ተባለ። አሳማኝ ይመስል ነበር፤ ግን ስህተት ሆነ። ዛሬ እንደሚታወቀው 1ኤ፣ 1ቢ፣ 4 እና 5 የተባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች የእስያ ዝሆን የራሱ ናቸው። 2፣ 3፣ 6 እና 7 ደግሞ የአፍሪካው ናቸው። ከሁሉም ብዙ ግልገል የጨረሰው 1ኤ ነው። በሕንድና በታይላንድ ጫካ ያሉ ዝሆኖችም በዚሁ ስለሚሞቱ የመካነ እንስሳት በሽታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

አስቸጋሪው ነገር ፍጥነቱ ነው። ትናንት ሲቦርቅ የዋለ ግልገል ዛሬ ይፈዝዛል፣ ምግብ ይተዋል። ፊቱ ያብጣል፣ ምላሱ ይጠቁራል። ቫይረሱ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያፈርስ ደም ወደ ልብና ወደ ሌሎች የውስጥ አካላት ይፈስሳል። ምልክት ከታየ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሞት የተለመደ ነው።

ታዲያ ትልልቆቹ ለምን አይሞቱም? አብዛኞቹ ቫይረሱን ተሸክመውት ነው የሚኖሩት። ሰውነታቸው ውስጥ አድፍጦ ይቆይና አልፎ አልፎ በኩምቢ ፈሳሽ ይወጣል። ግልገሉ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል አለው፤ ግን ከጊዜ ጋር እየሳሳ ይሄዳል። በበሽታው የሞቱ ግልገሎች ደም ሲመረመር ለገዳዩ ዓይነት የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል የላቸውም ወይም በጣም ትንሽ ነው። የገደላቸው የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው ማለት ነው። የእናቱ መከላከያ ሳያልቅ ቫይረሱን በትንሹ የቀመሰ ግልገል የራሱን መከላከያ ይገነባል። በእኔ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ መቼ መጣ የሚለው ነገር ሁሉን ይወስናል።

ስለዚህ መካነ እንስሳት ግልገሎቻቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ደም ለመስጠት ያለማምዳሉ። ከጆሮ ጀርባ በየሳምንቱ ናሙና ይወሰዳል። የቫይረሱ መጠን ገና ምልክት ሳይታይ ደም ውስጥ ከፍ ማለት ስለሚጀምር ቀድሞ መድረስ ይቻላል። ያኔ ለሰው ሄርፒስ የሚታዘዘው ፋምሳይክሎቪር ይሰጣል። ፈሳሽና ከሌላ ዝሆን የተቀዳ ፕላዝማም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይጨመራል። በዚህ የተረፉ አሉ። መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሠራ ግን መለየት ይከብዳል፤ ሁሉም ነገር በአንዴ ነው የሚሰጠው።

ክትባትም እየተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የሂዩስተን መካነ እንስሳት ቴስ የተባለች የ40 ዓመት ዝሆን የኤምአርኤንኤ ክትባት (እንደ አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች ያለ) ተወጋች። በእንግሊዝም የቼስተር መካነ እንስሳትና የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዓይነት ክትባት በአዋቂ ዝሆኖች ላይ ሞክረዋል። ጉዳት አላመጣም፣ የመከላከያ ሴሎችንም ቀስቅሷል። የቀረው ፈተና ግልገሎቹ ናቸው። ቫይረሱን እስካሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ አልተቻለም። ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳን ግልገል ክትባት ለመፈተን ብሎ ሆን ብሎ የሚበክል ደግሞ የለም። ክትባቱ መሥራቱ የሚታወቀው የተከተቡት ግልገሎች ያንን የጭንቅ ዕድሜ ሲሻገሩ ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል።