የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የ2024 የፉትቦል ዘመን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በዚህ ጽሑፍ ፉትቦል ስል በሞላላ ኳስ የሚካሄደውን የአሜሪካውያን ጨዋታ ማለቴ ነው። መቀመጫውን በብሉሚንግተን ከተማ ያደረገው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ደረጃ 700 ሽንፈት በማስቆጠር የመጀመሪያው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023ም ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ከርት ሲግኔቲን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ፤ በ2024 ደግሞ 11 ጨዋታ አሸንፎ በሁለት ብቻ ተረታ። ከዚያ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን 10 ድል አግኝቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ ሲያጋጥም ሰው አቋራጭ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሆኖም በብዛት የሚነገሩት ማብራሪያዎች አሰልጣኙንም ተጫዋቾቹንም የሚገባቸውን ክብር የሚነፍጉ ይመስሉኛል።

«አሰልጣኙ ከየትም የተገኘ፣ ዕድል የቀናው ሰው ነው።»

ሲግኔቲ ሲቀጠር የ62 ዓመት ሰው ነበር። አባቱም የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ነበሩ። እሱ ራሱ ከ2007 እስከ 2010 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የዝነኛው አሰልጣኝ የኒክ ሴባን ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ብዙዎች የሚመኙትን ያን ቦታ ትቶ፣ በአነስተኛ ደመወዝ ወደ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ስምም ኢንዲያና ነው፤ የሚገኘው ግን ፔንስልቬንያ ውስጥ ነው፤ አባቱም ቀደም ሲል ያሰለጠኑት እዚያው ነበር። ከዚያ በኢሎን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሠራ፤ በጄምስ ማዲሰን ብቻ 52 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ ተሸንፏል። በዋና አሰልጣኝነት ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት ዓመት አልነበረውም። ሰሚ ያጣው ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ትንንሾቹ ሜዳዎች ዞር ብለው ስላላዩ እንጂ ሥራው ተደብቆ አይደለም።

«የቀድሞ ቡድኑን እንዳለ ይዞ መጣ።»

ከጄምስ ማዲሰን ተከትለውት የመጡት 13 ተጫዋቾች ናቸው። ኳስ ተቀባዩ ኢላይጃ ሳራት፣ ላይንባከሩ (ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ኤይደን ፊሸርና ተከላካዩ ሚካይል ካማራ ከእነዚህ መካከል ሲሆኑ ውለታቸው ታላቅ ነው። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ከርቲስ ሩርክ ግን የመጣው ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው። በማጥቃቱ መስመር ፊት ለፊት የቆሙት ማይክ ካቲክና ካርተር ስሚዝ ደግሞ ዘጠኙን የ2023 ሽንፈት በዚያው ማልያ የቀመሱ ነበሩ። ያው የተሸነፈ ተጫዋች በሌላ እጅ ሲሠለጥን ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት እነሱ በመሆናቸው፣ ሲረሱ ያሳዝነኛል።

«ያሸነፈው ደካሞችን ብቻ ነው።»

ይህ ከሁሉም ይበልጥ እውነት የተቀላቀለበት ነቀፋ በመሆኑ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። መርሐ ግብሩ ከባድ አልነበረም፤ ዌስተርን ኢሊኖይን 77 ለ 3 መርታት ብቻውን ምንም አያስረዳም። በ2023 ለሻምፒዮንነት የተፋለሙትን ሚሺጋንንና ዋሽንግተንን ማሸነፉም ቢሆን ያለ ልክ ሊጋነን አይገባም፤ ሁለቱም አሰልጣኞቻቸውን አጥተው ነበር፣ የተጫወቱትም በብሉሚንግተን ነው። ነገር ግን አብዛኛውን መርሐ ግብር የሚያወጣው ቡድኑ አይደለም፤ የቡድኑ ድርሻ የተሰጠውን መጫወት ነው። ኢንዲያና ኔብራስካን 56 ለ 7፣ የዘመናት ባላንጣውን ፐርዱን 66 ለ 0 አሸነፈ። ቀድሞ እንዲህ ያሉትን ተጋጣሚዎች በጭንቅ ይገጥም የነበረ ቡድን በዚህ ልዩነት ሲረታቸው፣ ለውጡን የተጋጣሚ ድክመት ብቻ አያብራራውም።

«ትልቅ ቡድን ሲገጥመው ተጋለጠ።»

በኦሃዮ ስቴት 38 ለ 15፣ በጥሎ ማለፉ ደግሞ በኖተር ዳም 27 ለ 17 ተሸንፏል። የኖተር ዳሙ ውጤት ከጨዋታው ይልቅ የተቀራረበ መሆኑን አልክድም፤ የኢንዲያና ሁለቱ ታችዳውኖች (ኳሱን ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ድረስ በማድረስ የሚገኙ ነጥቦች) የተቆጠሩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ኖተር ዳም ቀጥሎ ጆርጂያንና ፔን ስቴትን አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜው 34 ለ 23 የረታውም ኦሃዮ ስቴት ነው። ኢንዲያናን ያሸነፉት ሁለት ቡድኖች ማለት ለዋንጫ የቀረቡት ሁለቱ ናቸው። በዚያ ዓመት ከሌላ ከማንም አልተሸነፈም።

«ኳርተርባኩ በትልልቅ ጨዋታዎች ፈራ።»

በኦሃዮ ስቴት ሜዳ አምስት ጊዜ ኳስ እንደያዘ የተጣለው ሩርክ ብዙ ተወቅሷል። ዘመኑ ካለቀ በኋላ እንደታወቀው ግን ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነው። በዚህ ሁኔታ 29 ታችዳውን አቀብሏል። በጥቅምት ወር አውራ ጣቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት የቀረው ከዋሽንግተን ጋር ከተደረገው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሚሺጋን ስቴት 47 ለ 10 ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ የቆመው እሱው ነበር።