«ጦርነት ያየ መሪ ጦርነት አይወድም»፦ ስለ አሜሪካ ዘማች ፖለቲከኞች የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ አባባል ተመልሶ ይመጣል። «የድሮዎቹ መሪዎች ጦር ሜዳ የዋሉ ስለነበሩ ጦርነት ይጠሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ ስላላዩት ነው ሰው የሚያስፈጁት» ይባላል። በሬዲዮ ውይይትም በቡና ጨዋታም ያው ነው። የሚሉት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች በሥልጣን ላይ ሳሉ ያደረጉትን የመረመረ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የተደበቀ ነገርም የለም፤ የምክር ቤቱ ድምፅ ስም በስም ተመዝግቦ ተቀምጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ከ1953 እስከ 1993 መጀመሪያ፣ ለ40 ዓመት፣ ዋይት ሐውስ የገቡት 8 ፕሬዚዳንቶች ሁሉ የወታደር ልብስ ለብሰዋል፦ አይዘንሃወር፣ ኬኔዲ፣ ጆንሰን፣ ኒክሰን፣ ፎርድ፣ ካርተር፣ ሬገንና ትልቁ ቡሽ። ከአይዘንሃወርና ከሬገን በቀር 6ቱ የባህር ኃይል ሰዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ10 የኮንግረስ አባላት ከ7 በላይ የሚሆኑት የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ከ5 አንድ አይሞሉም። ይህ ግን ሕዝቡ ጀግና እየመረጠ ያስገባው ቁጥር አይደለም። በዚያ ጦርነት 16 ሚሊዮን አሜሪካውያን አገልግለዋል። በ1946 ለምርጫ የቀረበ የ30 ዓመት ወንድ «ለምን ዘመትክ?» ሳይሆን «ለምን ቀረህ?» ነበር የሚባለው።

«ሁሉም ጥይት የሚጮህበት የዋሉ ናቸው»

አይደሉም። ሬገን ዓይኑ ደካማ ስለነበር ከአገር አልወጣም፤ ጦርነቱን ያሳለፈው ካሊፎርኒያ ውስጥ የማሰልጠኛ ፊልም በሚሠራ የአየር ኃይል ክፍል ነው። ካርተር ከባህር ኃይል አካዳሚ የተመረቀው በ1946፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ኒክሰን የኩዌከር እምነት ተከታይ ስለነበር በሃይማኖቱ ምክንያት መቅረት ይችል ነበር፤ ሄደ። ሥራው በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች ላይ ዕቃና ቁስለኛ የሚያመላልሱ አውሮፕላኖችን ማስጫንና ማስራገፍ ነበር። እዚያ በፖከር ያሸነፈው ገንዘብም በ1946 የመጀመሪያውን የምርጫ ዘመቻውን ደግፎለታል።

አይዘንሃወር ራሱ፣ የኖርማንዲው ጠቅላይ አዛዥ፣ በሕይወቱ አንድም ጊዜ ግንባር ላይ ሆኖ ጦር አላዋጋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጌቲስበርግ ላይ ታንከኞች ሲያሠለጥን ነበር። ይህ አያሳንሰውም። ወረራው ቢከሽፍ ለሕዝብ የሚነገር አጭር ማስታወሻ በእጁ ጽፎ ኪሱ ይዞ ነበር፤ ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው ይላል። ጭንቀቱ ከቀኑ ይታያል፤ ጁን 5 ማለት ሲገባው ጁላይ 5 ብሎ ጽፏል።

ጆንሰን ሲልቨር ስታር የሚባለው የውጊያ ጀብዱ ሜዳሊያ ነበረው። ያገኘው በአንድ በረራ ነው። ጁን 9፣ 1942 ኒው ጊኒ ውስጥ ከፖርት ሞርስቢ ተነስቶ በጃፓኖች እጅ የነበረችውን ላኤን ሊደበድብ በሄደ ቢ-26 አውሮፕላን ውስጥ በታዛቢነት ተሳፍሮ ነበር። አውሮፕላኑ በመካኒክ ችግር ከመንገድ ተመለሰ። የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ደርሰውበታል አልደረሱበትም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው፣ ከተሳፈሩት ሁሉ ለዚያ በረራ የተሸለመው ፖለቲከኛው ብቻ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሴናተር ጆሴፍ መካርቲ ነው። ለመራጩ የቀረበው የአውሮፕላን ጅራት ላይ ተቀምጦ መትረየስ እንደሚተኩስ ተዋጊ ሆኖ ነው። እውነተኛ ሥራው በማሪን ጦር ውስጥ የመረጃ መኮንንነት ነበር፤ ከበረራ የተመለሱ አብራሪዎችን ያየኸው ምንድን ነው እያለ ይጠይቅና ይመዘግባል። በፈቃደኝነት ወደ ደርዘን ጊዜ በርሯል፤ እሱ ግን 32 ጊዜ ነው ብሎ በ1952 ሜዳሊያ ተቀበለበት። የጦር ቁስል ነው ያለውም እግሩ፣ መርከቧ የምድር ወገብን ስታቋርጥ በተደረገ የቀልድ ሥነ ሥርዓት ላይ የተሰበረ ነው።

«ኬኔዲን ጀግና ያደረገው የአባቱ ገንዘብ ነው»

ግማሹ ልክ ነው፤ ሁለቱን ግማሾች መለየት ያስፈልጋል። ኬኔዲ የሚያዝዛት ፒቲ-109 የምትባል ባለ 3 ሞተር የቶርፔዶ ጀልባ ነበረች። ከኦገስት 1 ለ2 አጥቢያ፣ 1943፣ ሰሎሞን ደሴቶች ዘንድ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ቆማ ነበር ማለት ይቻላል። የሚሠራው አንዱ ሞተር ብቻ ነው፤ ፍጥነት ከጨመሩ ከኋላ የሚፈጠረው የሚያበራ አረፋ ለጃፓን አውሮፕላኖች ያጋልጣቸዋልና። ራዳር አልነበራትም። አማጊሪ የተባለችው የጃፓን የጦር መርከብ ከጨለማው ወጥታ ለሁለት ሰነጠቀቻት። ከ13ቱ 2ቱ ሞቱ። እንዲህ ዓይነት ፈጣን ጀልባ እንዴት ትገጫለች የሚለው ጥያቄ ያኔም ተጠይቋል፣ ተገቢም ነው።

ከግጭቱ በኋላ ያለው ግን አባቱ የፈጠረው አይደለም። ኬኔዲ አንድ ክፉኛ የተቃጠለ መካኒክ የሕይወት አድን ጃኬት ማሰሪያ በጥርሱ ነክሶ፣ 4 ሰዓት ያህል እየዋኘ ወደ ደሴት ጎተተው። ያዳኗቸው ቢዩኩ ጋሳ እና ኤሮኒ ኩማና የተባሉ የደሴቶቹ ተወላጆች ናቸው፤ በኮኮናት ቅርፊት ላይ የተፋቀ መልእክት በታንኳ አደረሱላቸው። አባቱ ያደረገው ታሪኩን ማሰራጨት ነው። በ1946 ምርጫ ስለ ጀልባዋ የተጻፈ የመጽሔት ጽሑፍ በገፍ ታትሞ በቦስተን ምርጫ ክልሉ ተበተነ። ሜዳሊያውም ሰው በማዳን የሚሰጥ ነው፤ በውጊያ ጀብዱ የተሰጠ አይደለም።

«ጦርነት ያየ መሪ ጦርነት አይወድም»

ወደ ዋናው እንምጣ። ቬትናምን ያስፋፋው ማን ነው? ኬኔዲ አማካሪ የሚባሉትን ወታደሮች ከ1,000 በታች ተቀብሎ ወደ 16,000 አደረሳቸው። ጆንሰን ጁላይ 28፣ 1965 የጦሩን ቁጥር ከ75,000 ወደ 125,000 ከፍ ማድረጉን ሲያስታውቅ ያቀረበው ምክንያት ሂትለርና በ1938 በድርድር የተለሳለሱለት ሙኒክ ነበር፤ ለወራሪ ከተለሳለስክለት ምኞቱ ይጨምራል የሚለውን ከሙኒክ ተምረናል አለ። ያ ትውልድ ከጦርነቱ የያዘው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ብዙዎቹ በጦር ሜዳ ካዩት ሬሳ ይልቅ ወደዚያ ያደረሳቸው የ1938ቱ ድርድር ነው አጥብቆ የቀረጻቸው። በኦገስት 1964 ፕሬዚዳንቱ በቬትናም ጦር እንዲጠቀም የሚፈቅደው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ ሲቀርብ፣ በዘማቾች የተሞላው ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 አጸደቀው። ቡሽም ቺቺ ጂማ ላይ ሴፕቴምበር 2፣ 1944 አውሮፕላኑ ተመትቶ አብረውት የነበሩት 2 ሰዎች ሞተውበታል፤ እሱን ከባሕር ያነሳው ሰርጓጅ መርከብ ነው። ያው ሰው በ1989 ፓናማን ወረረ፣ በ1991 ከኢራቅ ጋር ተዋጋ።

ታዲያ ዘማች ሁሉ ጦረኛ ነው ማለት ነው? እሱም ስህተት ነው። በኋላ ሴናተር የሆነው ጆርጅ መክገቨርን ከጣሊያን እየተነሳ 35 ጊዜ የቢ-24 ቦምብ ጣይ አብራሪ ሆኖ ዘምቷል። ማርክ ሃትፊልድ ኢዎ ጂማና ኦኪናዋ ላይ ወታደር የሚያወርድ ጀልባ መርቷል፤ ቦምቡ ከተጣለ ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ሂሮሺማን በዓይኑ አይቷል። አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን ናቸው። በሴፕቴምበር 1970 ጦሩ ከቬትናም በቀነ ገደብ እንዲወጣ ሁለቱ በጋራ ሐሳብ አቀረቡ። መክገቨርን ይህ አዳራሽ ደም ደም ይሸታል ብሎ ሴናተሮቹን ፊት ለፊት ተናገራቸው። 55 ለ39 ተሸነፉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ በኋላ ሴናተር የሆኑ የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ቦብ ዶል ኤፕሪል 14፣ 1945 ጣሊያን ውስጥ ካስቴል ዳያኖ አጠገብ ተመታ፤ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 21፣ ዳንኤል ኢኖዌ እዚያው ጣሊያን ሳን ቴሬንዞ አጠገብ ቀኝ ክንዱን አጣ። የጃፓን ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን የተቋቋመው የ442ኛው ጦር መኮንን ነበር። ክንዱ ሲቆረጥ ጣቶቹ ለመወርወር የተዘጋጀ የእጅ ቦምብ ጨብጠው ነበር፤ በግራ እጁ ፈልቅቆ አውጥቶ ወረወረው። ሁለቱ በአንድ ሆስፒታል፣ በሚሺጋኗ ባትል ክሪክ በሚገኘው ፐርሲ ጆንስ ተገናኙ፤ ዕድሜ ልክም ወዳጆች ሆኑ። ጃንዋሪ 12፣ 1991 ሴኔቱ በኢራቅ ጦርነት ላይ ድምፅ ሲሰጥ (52 ለ47)፣ ዶል ይዝመት አለ፣ ኢኖዌ አይዝመት አለ። በቬትናም እግሩን ያጣው ቦብ ኬሪ አይሆንም ሲል፣ በቬትናም 5 ዓመት ከመንፈቅ የታሰረው ጆን መኬይን ይሁን አለ። አንድ ዓይነት ጦርነት፣ አንድ ዓይነት ቁስል፣ ተቃራኒ ድምፅ! አንድ እጩ ስለ ጦርነት ምን ያስባል ብሎ ቁስሉን የሚቆጥር ሰው የተሳሳተ ነገር እየቆጠረ ነው። ስለ ጦርነት የሰጠውን ድምፅ ይቁጠር።

«እንግዲያው ዘመቻው ምንም አልለወጣቸውም»

ለውጧቸዋል፤ የለወጣቸው ሰው በማይፈልግበት ቦታ ነው። ፎርድ በዬል ተማሪ ሳለ አሜሪካ ከአውሮፓ ጦርነት ትራቅ የሚለው ማኅበር አባል ነበር። ሞንተሬይ በምትባል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አገለገለ። ዲሴምበር 18፣ 1944 በተነሳው አውሎ ነፋስ 3 መርከቦች ሰጥመው 790 ያህል ሰው አለቀ፤ ፎርድም ከመርከቧ ወለል ተንሸራቶ ባሕር ሊገባ ሲል ያቆመው ጠርዙ ላይ ያለ ጣት የማይሞላ ከፍታ ያለው ብረት ነው። በ1948 ለኮንግረስ ሲወዳደር፣ ያንኑ የቀድሞ አቋሙን ይዞ የቆየውን የራሱን ፓርቲ ነባር ተመራጭ አሸንፎ ገባ።

ዶል በሴኔት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ኤፕሪል 14፣ 1969፣ በቆሰለበት ዕለት ነው፤ ርዕሱ አካል ጉዳተኞች። በ1990 የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሲጸድቅ ከዋነኞቹ ገፊዎች አንዱ እሱ ነበር። መክገቨርን ጣሊያን ውስጥ ያየውን የሕፃናት ረሃብ አልረሳም። በ1961 የኬኔዲ የምግብ ዕርዳታ ኃላፊ ሆኖ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንዲመሠረት ሐሳቡን አቀረበ። በኋላ ከዶል ጋር፣ በቬትናም ጉዳይ እሳትና ጭድ ከነበረው ሰው ጋር፣ የምግብ ኩፖን ሕጉን በ1977 አሻሻሉ፤ ድሃ ቤተሰብ ኩፖን ለማግኘት መጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ ይክፈል የሚለው ቀረ። በሁለቱ ስም የተሰየመው የትምህርት ቤት ምገባ ፕሮግራም አፋርና ሶማሌ ክልል ያሉ ተማሪዎች ዘንድ ደርሷል። አገራችን ውስጥ የዚያ ጦርነት ዘማቾች አሻራ የሚታይበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

«መንግሥት ዘማቹን ሁሉ እኩል ካሰ»

የ1944ቱ የዘማቾች ሕግ ትምህርትና የቤት ብድር ሰጠ፤ አፈጻጸሙ ግን በየግዛቱ ባንኮችና ጽሕፈት ቤቶች እጅ ነበር። በ1947 ሚሲሲፒ ውስጥ ዋስትና ከተሰጣቸው 3,229 ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት 2 ናቸው። ኖርማንዲ የዘመተው ጥቁሩ የሲቪል መብት ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስ በ1946 ትውልድ ከተማው ዲኬተር ውስጥ ሊመርጥ ሲሄድ መሣሪያ የያዙ ነጮች መለሱት። የዘማቹ ትውልድ ፖለቲካ ሲነሳ የሲቪል መብት ትግሉን መሪዎች ትቶ 8 ፕሬዚዳንት ብቻ መቁጠር ስህተት ነው።

«ሜዳሊያ ምርጫ ያሸንፋል»

ቡሽ 1992፣ ዶል 1996፣ ጆን ኬሪ (ቦብ ኬሪ አይደለም) 2004፣ መኬይን 2008፦ ሁሉም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል። መክገቨርን በ1972 ከ50 ግዛቶች 49ኙን አጥቷል።

ማጣራት ለሚፈልግ

አሜሪካ ያላችሁ መራጮች የምርጫ ማስታወቂያ አምናችሁ አትቀመጡ። ፐርፕል ኸርት የጀግንነት ሜዳሊያ አይደለም፤ በጠላት ለቆሰለ ወይም ለሞተ ይሰጣል። ብሮንዝ ስታር ላይ ቪ የምትል ፊደል ከሌለች ሽልማቱ ለጥሩ አገልግሎት ነው እንጂ ለውጊያ ጀብዱ አይደለም። «በቬትናም ዘመን አገለገልኩ» እና «ቬትናም ዘመትኩ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጀርመን የተመደበም የመጀመሪያውን በእውነት ሊል ይችላል።

የስንብት ወረቀቱ ዲዲ-214 ይባላል፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከ1950 ጀምሮ ስለሆነ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ይህን ወረቀት መጠየቅ ትርጉም የለውም። ማኅደሮቹ ያሉት ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው። የሚሞላው ስታንዳርድ ፎርም 180 ነው፤ ሙሉ ስም፣ የጦር ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ይጻፍበታል። ከተሰናበተ 62 ዓመት ያለፈው ሰው ማኅደር ለማንም ክፍት ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚገኘው የአገልግሎት ዘመን፣ ማዕረግ፣ ምድብና ሽልማት ነው፤ የሕክምናው ክፍል አይሰጥም።

ጁላይ 12፣ 1973 ማዕከሉ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፍቷል። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት የ80 በመቶው ያህል ነደደ። ስለዚህ የምድር ጦር ዘማች ቤተሰብ «ፋይሉ ተቃጥሏል» ቢል እመኑት፤ በደመወዝና በሆስፒታል መዝገብ በኩል ማጠያየቅ ይቻላል። የባህር ኃይልና የማሪን ማኅደሮች ግን በዚያ እሳት አልተነኩም።